ፀረ አረሙን ማን ያፈርሰዋል?



በክረምት በጤፍ ወይም በስንዴ አገር ያለፈ ሰው፣ መርጫ ያዘለ ገበሬ ማሳውን ከዳር እስከ ዳር ሲመላለስበት ያያል። ከጥቂት ቀናት በኋላ ቢመለስ መጩም ጎመንዘሩም ግንዱ እንደ ገመድ ተገምዶ፣ ቅጠሉ ተጨማዶ ያገኘዋል፤ በመካከሉ ያለው ጤፍ ግን ቀጥ ብሎ ቆሟል። በዓመቱ ደግሞ እዚያው መሬት ላይ ምስር ወይም ሽምብራ ይዘራና ይበቅላል። ምስር ያንን የተረጨውን መድኃኒት፣ ቱ-ፎር-ዲ የሚባለውን፣ ጨርሶ የማይችል ተክል ነው። እንግዲህ የተረጨው ወዴት ሄደ? «ዝናብ አጠበው» ይባላል፤ «ፀሐይ አተነነው» ይባላል፤ «ጊዜ አጠፋው» ይባላል። ሦስቱም ጥቂት ጥቂት እውነት አላቸው። ዋናውን ሥራ የሠራውን ግን አንዳቸውም አይጠሩትም።

ዛሬ ላስረዳችሁ የምፈልገው ይህን ነው፦ አብዛኛው ፀረ አረም በራሱ ጊዜ አይጠፋም፤ የሚያፈርሰው አለ። አፍራሾቹም ሁለት ወገን ናቸው፤ ተክሎች፣ እንዲሁም በአፈር ውስጥ የሚኖሩ በዓይን የማይታዩ ባክቴሪያዎችና ፈንገሶች። ማፍረስ ሥራ ነው፤ ሥራ ደግሞ ሠራተኛና መሣሪያ፣ እርጥበትና አየር፣ ሙቀትና ጊዜ ይጠይቃል። ከእነዚህ አንዱ ሲጓደል ሥራው ይጓተታል፣ መድኃኒቱም ባለበት ይቀራል። «በአፈር ውስጥ ቶሎ ይበሰብሳል» የሚል ቃል ስንሰማ ስለ ኬሚካሉ ጠባይ ብቻ የተነገረን ይመስለናል። በእርግጥ የተነገረን ግን ስለ አንድ አፈር፣ ስለ አንድ የአየር ጠባይ፣ በዚያም ስለሚኖሩ ሕያዋን ነው። ያ አፈር የእኛ ካልሆነ ቃሉም ለእኛ የተሰጠ ቃል አይደለም።

ከተክሉ ልጀምር። ቱ-ፎር-ዲ በ1940ዎቹ (የምጠቅሳቸው ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የተሠራ፣ የተክልን የዕድገት ሆርሞን መስሎ የሚገባ ኬሚካል ነው። መጩ ይህን የሐሰት ሆርሞን ተቀብሎ ያለ ልክ ማደግ ይጀምራል፤ ግንዱ የሚጠመዘዘውም አንዱ ጎኑ ከሌላው ቀድሞ ስለሚያድግ ነው። በመጨረሻ ራሱን በራሱ ያደክማል። ስንዴም ያንኑ መድኃኒት በቅጠሉ ይመጥጣል። ልዩነቱ ከገባ በኋላ በሚሆነው ላይ ነው። የቅጠሉ ቅርጽና የውስጥ አሠራሩ የራሳቸው ድርሻ ቢኖራቸውም፣ ስንዴው በሴሎቹ ውስጥ ሳይቶክሮም ፒ-450 የሚባሉ ኢንዛይሞች አሉት፤ እነዚህ በመድኃኒቱ ቀለበት ላይ ኦክስጅን ይተክላሉ። ኦክስጅኑ እንደ እጀታ ነው፤ ሌላ ኢንዛይም መጥቶ በዚያ እጀታ ላይ ስኳር ያስርበታል። ስኳር የታሰረበት ሞለኪውል ሆርሞን መምሰሉ ያበቃል፤ ስንዴውም ወደ ሴሉ ጎተራ አስገብቶ ይዘጋበታል። የእኛም ጉበት የምንውጠውን መድኃኒት የሚያበርደው በዚሁ የኢንዛይም ቤተሰብና በተመሳሳይ ቅደም ተከተል ነው። ጀርመናዊው የዕፅዋት ባዮኬሚስት ሃይንሪሽ ዛንደርማን ተክልን «አረንጓዴ ጉበት» ብሎ የሰየመው ይህን አይቶ ነው።

ይህ መላ ምት እንዳይመስላችሁ አንድ ማስረጃ ልጥቀስ። አትራዚን የሚባለው ፀረ አረም ከ1950ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ በበቆሎ ማሳ ላይ ሲረጭ ኖሯል፤ በእኛም አገር አትራዚን ያለባቸው ውህዶች ለበቆሎ ይውላሉ። በቆሎ የማይሞተው ግሉታታዮን የሚባለውን ትንሽ ሞለኪውል በአትራዚኑ ላይ የሚለጥፍ ኢንዛይም ስላለው ነው። አሜሪካውያን ተመራማሪዎች በ1970ዎቹ መጀመሪያ ጂ-ቲ 112 የተባለ አንድ የበቆሎ ዘር መረመሩ። መልኩ በቆሎ፣ አበቃቀሉ በቆሎ፤ አትራዚን ሲነካው ግን እንደ አረም ይሞታል። የጎደለው ያ ኢንዛይም ብቻ ሆኖ ተገኘ። እንግዲህ በቆሎን ከአትራዚን የሚያድነው በቆሎ መሆኑ አይደለም፤ አንድ የተወሰነ መሣሪያ በእጁ መኖሩ ነው። የፀረ አረም አምራቾችም ይህን ያውቃሉ። በስንዴ ውስጥ ሲናርን ለማጥፋት በሚሸጠው ቶፒክ ውስጥ ከገዳዩ ኬሚካል ጋር ሌላ ረዳት ኬሚካል ተቀላቅሏል። የረዳቱ ሥራ ስንዴውን ቀስቅሶ የማርከሻ ኢንዛይሞቹን በብዛት እንዲያመርት ማድረግ ነው። ስንዴው ካልነቃ መድኃኒቱ ስንዴውንም ይጎዳዋል።

ነገር ግን እዚህ ላይ አንድ ልዩነት በደንብ ይያዝልኝ። ተክል ኩላሊት የለውም፣ ሽንትም የለውም። ያረከሰውን መርዝ ወደ ውጭ የሚጥልበት መንገድ እምብዛም ስለሌለው በሴሉ ጎተራ ያስቀምጠዋል ወይም ከሴሉ ግድግዳ ጋር አጣብቆ ይገነባዋል። ስለዚህ ተክል መርዙን ትጥቅ ያስፈታዋል እንጂ ብዙውን ጊዜ እስከ መጨረሻው አያፈርሰውም። አንዳንዱን ደግሞ ትጥቅ እንኳ አያስፈታውም፤ ሣሩ ራሱ ስለማይጎዳበት ብቻ ተሸክሞት ይኖራል። በ2008 በብሪታንያ የሆነው ይህን በግልጽ ያሳያል። የጓሮ አትክልት የሚያለሙ ሰዎች የቲማቲማቸውና የድንቻቸው ቅጠል እየተጠቀለለ፣ ባቄላቸው እየተኮማተረ ተቸገሩ፤ አንዳቸውም ፀረ አረም አልረጩም። ምክንያቱ ሲፈለግ የተገኘው ፍጉ ውስጥ ነው። በሌላ ቦታ፣ በሌላ ሰው የግጦሽ መሬት ላይ አሚኖፒራሊድ የተባለ ፀረ አረም ተረጨ፤ ሣሩ ምንም አልሆነም። ሣሩ ታጭዶ ድርቆሽ ሆነ፤ ከብትና ፈረስ በሉት፤ መድኃኒቱ በሆዳቸው ሳይፈርስ በእበታቸው ወጣ። እበቱ ተከምሮ ፍግ ሆነ፣ ፍጉም ሳያፈርሰው ለጓሮ ተሸጠ። እዚያ የሣሩ ቅሪት ሲበሰብስ በውስጡ የቀረው መድኃኒት ተፈታና ቲማቲሙን አገኘው። ምርቱ ለጊዜው ከገበያ ታገደ። ከዚያ ጥቂት ዓመታት ቀደም ብሎም በአሜሪካ በዋሽንግተን ግዛት፣ በስፖኬን ከተማ፣ የዚሁ መድኃኒት ዘመድ የሆነው ክሎፒራሊድ ከሣር ሜዳ ቆሻሻ ወደ ከተማው ኮምፖስት ገብቶ ተመሳሳይ ጉዳት አድርሷል። ጭድ ለከብት፣ እበት ለማሳ በሚመለስበት በእኛ አገር እርሻ ይህ ታሪክ የሩቅ ወሬ ሊሆን አይገባውም።

እስከ መጨረሻው ማፍረስ፣ ማለትም ሞለኪውሉን ወደ ውኃ፣ ወደ አየርና ወደ ተራ ጨው መመለስ፣ በዋናነት የአፈር ሕያዋን ሙያ ነው። ይህን በመጀመሪያ አጥርተው ካሳዩት አንዱ በለንደን የቤድፎርድ ኮሌጅ ተመራማሪ የነበረው ኦዱስ ነው። በ1940ዎቹ መጨረሻ ያደረገው ሙከራ ቀላል ነበር፤ ቀላልነቱ ግን ብርታቱ ነው። አፈር በብርጭቆ ቱቦ ሞላ፤ ቱ-ፎር-ዲ ያለበትን ውኃ ከላይ ያንጠባጥብና ከታች የወጣውን መልሶ ወደ ላይ ይወስደዋል፤ ያው ውኃ በዚያው አፈር ውስጥ ደጋግሞ ያልፋል። በየቀኑ ከውኃው ጥቂት ወስዶ መርዙ አለ ወይ ብሎ በበቀሉ ዘሮች ሥር ይፈትነዋል። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ምንም አልተለወጠም። ቀን አለፈ፣ ቀን አለፈ፣ መርዙ ያው ነው። ከዚያ በድንገት መቀነስ ጀመረና በአጭር ጊዜ ጠፋ። ኦዱስ እዚያው አፈር ላይ ሁለተኛ ዙር ቱ-ፎር-ዲ ጨመረ። በዚህ ጊዜ የጥበቃ ቀን አልነበረም፤ መርዙ ወዲያው መጥፋት ጀመረ። የባክቴሪያ ሥራ የሚያስቆም መርዝ ሲገባበት ደግሞ መፍረሱ ቆመ።

ይህን ለመረዳት የቤታችንን ሊጥ ማሰብ ይበቃል። ጤፍ በውኃ ብቻ ቢቦካ ቀናት ይፈጃል፤ ከትናንቱ ቡኮ የተረፈ እርሾ ከተጨመረበት ግን በፍጥነት ኩፍ ይላል። ዱቄቱ ያው፣ ውኃው ያው ነው፤ የተለየው ምግቡን የለመዱና የበዙ ሕያዋን መኖራቸው ነው። የኦዱስ አፈር በመጀመሪያው ዙር እርሾ አልነበረውም። ቱ-ፎር-ዲን መብላት የሚችሉት ባክቴሪያዎች ጥቂት ነበሩ፤ እነሱ ተመግበው እስኪባዙ ቀን ወሰደ። በሁለተኛው ዙር ግን አፈሩ ራሱ እርሾ ሆኗል። ሙቀትና ጊዜ ብቻ መድኃኒቱን ቢያጠፉት ኖሮ ሁለተኛው ዙር ከመጀመሪያው የሚለይበት ምክንያት አይኖርም ነበር። ለእኔ ከዚህ የበለጠ ግልጽ ማስረጃ የለም።

እነዚህ ባክቴሪያዎች ኋላ ላይ አንድ በአንድ ተለይተው ተጠኑ። በአውስትራሊያ ተገኝቶ ጄ-ኤም-ፒ 134 የተባለው ባክቴሪያ ቱ-ፎር-ዲን ብቻ በልቶ መኖር ይችላል። መጀመሪያ የሞለኪውሉን ጅራት ይቆርጣል፤ ቀጥሎ ቀለበቱን ይከፍታል፤ ክሎሪኖቹን ያራግፋል፤ የቀረውን ስኳር በሚቃጠልበት ምድጃ ያቃጥለዋል። ይህን የሚያዝዙት ጂኖች ከባክቴሪያው ዋና የዘር ክር ተለይተው በአንዲት ትንሽ የዘር ቀለበት ላይ ተጽፈዋል፤ ያቺን ቀለበት ደግሞ ለጎረቤቱ ባክቴሪያ ማቀበል ይችላል። አባት ለልጅ ከማውረሱ በፊት ባልንጀራ ለባልንጀራ ያስተምራል እንደ ማለት ነው።

የአትራዚኑ ደግሞ ከዚህ ይበልጥ ያስደንቃል። በሚኒሶታ፣ ፀረ አረም ፈስሶበት ከኖረ መሬት የተገኘና በ1995 ለሳይንስ ዓለም የቀረበ ሱዶሞናስ ኤ-ዲ-ፒ የሚባል ባክቴሪያ አለ። አትራዚንን የናይትሮጅን ማዳበሪያው ያደርገዋል፤ በመጀመሪያው ኢንዛይሙ ክሎሪኑን ነቅሎ መርዝነቱን ያጠፋል፤ በቀጣዮቹ ሁለቱን ክንፎች ይቆርጣል፤ ቀለበቱንም ከፍቶ እስከ አሞኒያና ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያወርደዋል። ያ የመጀመሪያው ኢንዛይም የ475 አሚኖ አሲዶች ሰንሰለት ነው። ሜላሚንን፣ ማለትም የማይሰበረው የቤታችን ሳህን የሚሠራበትን ነገር፣ የሚያፈርስ ሌላ ኢንዛይም ከእርሱ ጋር ሲነጻጸር ልዩነታቸው በ9 አሚኖ አሲዶች ብቻ ሆነ። ዘጠኝ ፊደል ተቀይሮ ሌላ ቃል እንደሚነበብ ዓይነት ነው። አትራዚን በምድር ላይ ያልነበረ፣ ሰው በ20ኛው መቶ ዘመን አጋማሽ የፈጠረው ነገር ነው፤ በአንድ የሰው ዕድሜ ባልሞላ ጊዜ ውስጥ አፈር የሚበላው አገኘለት።

እዚህ ላይ አንድ ሰው ተነሥቶ እንዲህ ሊለኝ ይችላል፦ «እንዲህ ከሆነ ምን ያሳስበናል? የምንረጨውን ሁሉ አፈር ይማረዋል፣ ይበላዋል፤ ዘጠኝ ፊደል ለመቀየር ምን ይሳነዋል?» ይህ ሐሳብ በሳይንስ ውስጥም ረጅም ዕድሜ የነበረው ነው፤ ረቂቅ ተሕዋስያን የማይፈርስ ነገር አያውቁም ተብሎ ይታመን ነበር። በ1965 የኮርኔል ዩኒቨርሲቲው ማርቲን አሌክሳንደር ይህን እምነት ፊት ለፊት ተቃወመ፤ ተሕዋስያንም ይሳናቸዋል አለ። ማስረጃው ሩቅ አይደለም። በቱ-ፎር-ዲ ቀለበት ላይ አንድ ክሎሪን ብቻ ብንጨምር ቱ-ፎር-ፋይቭ-ቲ የሚባለውን እናገኛለን። ቱ-ፎር-ዲ በሳምንታት ከሚጠፋበት አፈር ይኸኛው ለወራት አይወጣም። ሁለቱ ተቀላቅለው ነው በቬትናም ጫካዎች ላይ ከ1965 ጀምሮ «ኤጀንት ኦሬንጅ» በሚል ስም የተረጩት። ከቱ-ፎር-ፋይቭ-ቲ ጋር ከፋብሪካ ሳይፈለግ አብሮ የወጣው ዳይኦክሲን ደግሞ ከግማሽ መቶ ዓመት በኋላም በዳ ናንግና በቢየን ሆዋ የአየር ማረፊያዎች አፈር ውስጥ ተገኝቶ በብዙ ገንዘብ ሲጸዳ ኖሯል። አፈር ያንን ለመማር ሃምሳ ዓመት አልበቃውም። ፓራኳትም አለ፤ ከሸክላ አፈር ቅንጣት ጋር እጅግ ተጣብቆ ባክቴሪያ ስለማይደርስበት ለዓመታት ይቆያል። ምግቡ ሳጥን ውስጥ እንደ ተቆለፈበት ርሃብተኛ ነው፤ በላተኛ ቢኖርም መድረስ ካልቻለ የለም ማለት ነው።

ሠራተኛው ኖሮ ሁኔታው የማይፈቅድበትም ብዙ ነው። ቱ-ፎር-ዲ አየር ባለው አፈር ውስጥ ግማሹ በ6 ቀን ገደማ ይጠፋል ተብሎ ይጻፋል። ኦክስጅን በሌለው የውኃ ደለል ውስጥ በቤተ ሙከራ ሲለካ ግን ያው ግማሽ ዕድሜ ከ41 እስከ 333 ቀን ሆኗል። ኬሚካሉ አልተለወጠም፤ የጎደለው አየር ነው፤ ምክንያቱም የመጀመሪያውን ጅራት የሚቆርጠው ኢንዛይም ያለ ኦክስጅን አይሠራም። አሁን የእኛን መረሬ አስቡ። ጥቁሩ የሸክላ አፈር በኢትዮጵያ ወደ 12.6 ሚሊዮን ሄክታር እንደሚሸፍን ይገመታል፤ በሐምሌና በነሐሴ ውኃ ይዞ የሚተኛ፣ እግር የሚይዝ፣ በበጋ ደግሞ እጅ እስኪያስገባ የሚሰነጠቅ መሬት ነው። የመርጫው ወራትና የውኃው መተኛት የሚገጥሙት በአንድ ሰሞን ነው። ውኃው የሚጠነፈፍበት ሰፊ መደብ ሰብሉን እንደሚጠቅም ገበሬው ያውቃል፤ አየር ሲገባ የአፈሩ ሠራተኞችም ይተነፍሳሉና መድኃኒቱን ለማፍረስም ይጠቅማል ብዬ የማምነው ከዚህ ተነሥቼ ነው። በጋው ሲገባ ደግሞ ተቃራኒው ይመጣል፤ አፈሩ ሲደርቅ ባክቴሪያው ይተኛል፣ ቀሪውም አብሮት እስከሚቀጥለው ዝናብ ይተኛል።

የአፈር ኮምጣጣነትም የራሱን ይፈርዳል። ሰልፎኒልዩሪያ የሚባሉት ፀረ አረሞች፣ በ1982 ገበያ ላይ የዋለው ክሎርሰልፉሮን ከነዚህ አንዱ ነው፣ በሄክታር ጥቂት ግራም ብቻ የሚበቃቸው ብርቱዎች ናቸው። በኮምጣጣ አፈር ውስጥ ውኃ ብቻውን እንኳ ይሰነጥቃቸዋል። ወደ አልካላይን ባዘነበለ አፈር ውስጥ ግን ያ በር ይዘጋና ለተሕዋስያኑ ዝግተኛ ሥራ ብቻ ይተዋሉ። በሰሜን አሜሪካ የስንዴ ሜዳዎች ከዓመታት በኋላ ለተዘራ ምስር ጠንቅ የሆኑት በእንዲህ ያለ አፈር ነው። የእኛ የምዕራብ ቀይ አፈር ኮምጣጣ ነው፤ መረሬው በአብዛኛው አይደለም፤ ምስርና ሽምብራ የሚዘሩት ደግሞ በመረሬው ነው። አንድ መለያ ለሁለቱም አፈር አንድ ቃል ሊናገር አይችልም።

ጠፋ የሚለው ቃልም ራሱ መመርመር አለበት። ግላይፎሴት፣ ራውንድአፕ በሚል ስም የሚታወቀው፣ በአፈር ውስጥ እንደየቦታው ግማሽ ዕድሜው ከ2 እስከ 197 ቀን ተለክቷል። ባክቴሪያዎች ሲያፈርሱት በሁለት መንገድ ይሄዳሉ፤ በአንዱ ተራ ምግብ ይሆናል፣ በሌላው አምፓ የሚባል ልጅ ይወልዳል፤ አምፓ ደግሞ ከወላጁ ይልቅ በአፈር ይቆያል። ወላጁን ብቻ የሚፈልግ ላቦራቶሪ «የለም» ብሎ ይጽፋል። ልክ ነው፣ ግላይፎሴቱ የለም። ልጁ ግን አለ።

ከዚህ ተነሥቶ ሌላ ወገን «እንግዲያውስ ፀረ አረም ሁሉ ይከልከል» ሊል ይችላል። የዚህን ስጋት መነሻ አከብራለሁ፤ መደምደሚያውን ግን አልቀበልም። በእጅ ማረም ነጻ ሥራ አይደለም። ጎንበስ ብሎ ቀኑን የሚውለው የእናት ወገብ ነው፤ ከትምህርት ቤት የሚቀረው ልጅ ነው፤ ወንፈል ያልደረሰለት ማሳ በአረም ተውጦ የሚያጣው እህል ነው። ከዚህም በላይ ማስረጃው ሁሉንም በአንድ ከረጢት እንድንከት አይፈቅድልንም። አየርና እርጥበት ባለው፣ ፍግና ብስባሽ በጠገበ አፈር ላይ በልኩ የተረጨ ቱ-ፎር-ዲ በእርግጥ ይፈርሳል፤ ኦዱስ ያየው እውነት ነው። ያው መድኃኒት የተረፈው ከመርጫ ታጥቦ ወንዝ ዳር ሲደፋ ግን ሌላ ነገር ነው። በወንዙ ውስጥ እንደ አፈሩ የበዛ ሠራተኛ የለም፤ መድኃኒቱም በውኃ ሲቀጥን ባክቴሪያውን ለመቀለብና ለማባዛት አይበቃም፤ ለእንስሳና ለሰው የሚተርፍ ቅሪት ሆኖ ይወርዳል። ጥያቄው ይረጭ አይረጭ ብቻ ቢሆን ኖሮ ቀላል ነበር። የምንጠይቀው የትኛው መድኃኒት፣ በየትኛው አፈር፣ በየትኛው ወር፣ ቀጥሎ ለሚዘራ ለየትኛው ሰብል የሚለውን ነው።

ሦስተኛው ተቃውሞ ከቴክኖሎጂ ወዳጆች የሚመጣ ነው፤ «ባክቴሪያውን በጠርሙስ አምርተን እንጨምርበት» ይላሉ። ተሞክሯል። በአሜሪካ አትራዚን በብዛት በፈሰሰበት ቦታ ላይ ተመራማሪዎች ክሎሪኑን የሚነቅለውን የሱዶሞናስ ኤ-ዲ-ፒ የመጀመሪያ ኢንዛይም ጂን የተሸከመ፣ ከዚያም ሆን ተብሎ የተገደለ ባክቴሪያ በአፈሩ ላይ አፈሰሱ፤ ኢንዛይሙ ከባለቤቱ ሞት በኋላም ይሠራልና። ውጤቱ በ2000 ታተመ፤ በስምንት ሳምንት ውስጥ አትራዚኑ በ52 በመቶ፣ ፎስፌት አብሮ በተጨመረበት ደግሞ በ77 በመቶ ቀነሰ፤ ምንም ባልተደረገለት መሬት ላይ ግን ለውጥ የሚባል አልታየም። ለተመረዘ አንድ መጋዘን ግቢ ይህ ታላቅ ነገር ነው። ለሰፊ ማሳ ግን ከሩቅ የመጣ ባክቴሪያ ከአገሬው ባክቴሪያ ጋር ተጋፍቶ መኖር ይቸግረዋል፤ አብዛኛውን ጊዜ ምግቡ ሳያልቅ ራሱ ያልቃል። በሌላ በኩል የባክቴሪያ ጂን ወደ ሰብል ተዛውሯል። ቱ-ፎር-ዲን የሚያፈርስ የአፈር ባክቴሪያ ጂን የገባባቸው በቆሎና አኩሪ አተር በ2014 በአሜሪካ ተፈቅደዋል። የማፍረስ ጥበብ እዚያ የዋለው መሬትን ለማጽዳት አይደለም፤ ቱ-ፎር-ዲን በሰብሉ ላይ እንደልብ ለመርጨት ነው። ይህን ስል ሳይንሱን አልነቅፍም፤ አጠቃቀሙ ግን ያሳዝነኛል።

የሚያሳዝነኝም ለምክንያት ነው፤ ማፍረስ የሚማረው ወዳጃችን ብቻ አይደለምና። አትራዚን በየዓመቱ የተረጨባቸው የአሜሪካ ማሳዎች ላይ አፈሩ ሙሉ በሙሉ እርሾ ሆኖ፣ ቀድሞ ለሳምንታት አረም ይከላከል የነበረው መድኃኒት ሥራውን ሳይጨርስ በቀናት እየተበላ አስቸግሯል። አረሙም ተምሯል። የእኛ እንክርዳድ የቅርብ ዘመድ የሆነ የአውስትራሊያ ሣር አለ፤ በስንዴ መካከል ይበቅላል። ከ1980ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ ይህ ሣር ስንዴ የሚጠቀምበትን ያንኑ የፒ-450 መሣሪያ አንሥቶ መድኃኒቱን ማርከስ ጀመረ። ከሁሉ የሚያስጨንቀው ገበሬው በዚያ ማሳ ላይ ረጭቶት የማያውቀውን መድኃኒትም ጭምር መቻሉ ነው፤ መሣሪያው ለአንድ መርዝ ብቻ የተሠራ አይደለምና። ስንዴን የሚያድነው ነገር እንክርዳዱን ካዳነው በኋላ በመካከላቸው የሚመርጥ መድኃኒት ከየት ይመጣል? መድኃኒት መለዋወጥ ብቻውን እዚህ ላይ አያድንም፤ ሰብል ማፈራረቅ፣ ንጹሕ ዘር መዝራት፣ ከመርጨት የተረፈውን አረም ዘር ሳያፈራ በእጅ መንቀል የግድ ይሆናል።

ኢትዮጵያ ፀረ አረምን ጨምሮ ፀረ ተባይ መድኃኒቶችን ለመመዝገብና ለመቆጣጠር አዋጅ ቁጥር 674/2002 አውጥታለች፤ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የ2010 አዋጅ ነው። ምዝገባ መድኃኒቱ አረሙን ይገድላል ወይ፣ ሰብሉን ይምራል ወይ የሚለውን ከመፈተን አልፎ በመረሬው፣ በቀይ አፈሩና በቆላው አሸዋማ አፈር ላይ ስንት ቀን ይቆያል የሚለውንም በእኛው ማሳ ላይ እንዲለካ እፈልጋለሁ። በሌላ አገር የተለካ ግማሽ ዕድሜ የሌላ አገር ሠራተኞችን ብርታት ነው የሚነግረን።

እስከዚያው ግን ገበሬው በእጁ ያለ ልኬት አለው፤ ኦዱስም መርዙን የለካው በዘር ነበር። ከመዝራቱ አንድ ወር አስቀድሞ ከማሳው ከአምስት ከስድስት ቦታ፣ እስከ መዳፍ ጥልቀት፣ አፈር ወስዶ ይቀላቅል፤ አንድ ጣሳ ይሙላ። መድኃኒት ነክቶት ከማያውቅ ተመሳሳይ አፈር፣ ከቤተ ክርስቲያን ግቢም ይሁን ከድንበር፣ ሌላ ጣሳ ይሙላ። የሁለቱንም ቂጥ ይብሳ፣ በሁለቱም ሃያ ሃያ የምስር ፍሬ ይዝራ፣ እኩል ያጠጣ፣ እኩል ፀሐይ ያስመታ። በሁለት ወይም በሦስት ሳምንት የማሳው ቡቃያ ግንዱ ከተጠማዘዘ፣ ወይም ቢጫ ሆኖ ሥሩ አጥሮ ከቀረ፣ የአፈሩ ሠራተኞች ገና ሥራ ላይ ናቸው፤ ያ መሬት ለዚህ ዓመት ስንዴ ወይም ጤፍ ይዝራበት። ሁለቱ ጣሳ እኩል ከለመለሙ ምስሩን ይዝራ።